አረንጓዴው መስመርና የአባባ ጆሮ

ደ/ብርሃን፣ ኅዳር ፪ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም.፣ ማታ 1 ሰዓት

አረንጓዴዋ መስመር ዛሬም መስታወቱ ላይ አልቆም አለች። ትሮጣለች። የከተማው የመብራት ሞተር ከተነሣ ግማሽ ሰዓት ሆኖታል፤ መብራቱ ግን ገና ይርገበገባል፣ እሷም አብራ። አንዱን ቁልፍ አዞርኩ፤ ጠፋች። መለስኩት፤ መጣች፣ ግን ወፍራ። ሌላውን ነካሁ፤ እንደ ጥሩ ፈትል ቀጠነች። ተመስገን።

ስሚኝ እንግዲህ ማስታወሻዬ፤ ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን ልንገር? በመምህራን ክፍል ስለ ኦሲሎስኮፕ ወሬ ስጀምር ሁሉም ሰዓቱን ያያል። ሁለት መሣሪያ ነው የመጣልን፣ ከአ/አ በጭነት መኪና። አንደኛው ሲግናል ጄኔሬተር፤ ኤሌክትሪኩን በፈለግሁት ፍጥነት ያወዛውዝልኛል። ሁለተኛው ኦሲሎስኮፕ፤ ውዝዋዜውን በክብ መስታወቱ ላይ በአረንጓዴ ብርሃን ይሥለዋል። ዳይሬክተሩ ለ11ኛ ክፍል ከማሳየቴ በፊት ራሴ እንድለምደው አዘዋል። የላቦራቶሪው ቁልፍ እኔ ኪስ ነው። ሌላ ምን እፈልጋለሁ።

1፡30። ቆመች! ጄኔሬተሩ በሴኮንድ አንድ ሺህ ጊዜ ይወዛወዛል፤ ፊቴ ያለው ግን ጸጥ ያለ ኮረብታና ሸለቆ፣ ኮረብታና ሸለቆ። አንዱ ከአንዱ አይበልጥ፣ አያንስ። ሺህ ጊዜ የሚሮጥ ነገር ቆሞ ታየኝ። ጋቢዬን ሳብ አድርጌ ደግሜ አየሁት።

ኅዳር ፬፣ ማታ

የኦሲሎስኮፑን ገመድ ከጄኔሬተሩ ነቅዬ ጫፉን እንዲያው በጣቴ ያዝኩት። ምንም አልጠበቅሁም። ሞገድ ብቅ አለ፣ ትልቅ፣ መስታወቱን የሞላ። ለካሁ። በሴኮንድ ሃምሳ። የሞተሩ ነው! ከገበያው ወዲያ የሚያጓራው ሞተር በግድግዳው ሽቦ መጥቶ በእኔ ገላ ላይ ይወዛወዛል፤ እኔ ቁጭ ብዬ ሽሮዬን እበላለሁ፣ አላውቀውም። ስንት ጊዜ? መብራት በበራ ቁጥር።

ዘበኛውን ጋሽ ደምሴን ጠርቼ ገመዱን በጣቱ አስያዝኩት። ከእሱም ወጣ። አማተበና፣ ማታ ማታ ወገቤን የሚወጋኝ ይሄ ነዋ፣ አለ። አይደለም አልኩት። አላመነኝም።

ኅዳር ፭

ዛሬ ስለ መሣሪያው አልጽፍም። ከፍቶኛል።

ዲ/ን ክንፈን አየሁት። ድንጋይ ተሸክሞ። ከት/ቤቱ በታች ቤት የሚሠራ ነጋዴ አለ፤ እዚያ በቀን ሥራ ገብቷል። አባባ፣ አባቴ መሪጌታው፣ አንኮበር ውስጥ ዜማ ሲያስተምሩ ስንት ተማሪ ወጣላቸው፤ እንደ ክንፈ ያለ ግን አልነበረም። ራሳቸው ናቸው የሚሉት። አሁን ከጉባኤያቸው አባረውታል።

ምን አጠፋህ አልኩት። አላውቅም አለ። ቀን የሚያመሰግኑት፣ ሌሊት የሚቆጡት እሱን ነው። ቀን፣ እሰየው የኔ ልጅ፤ ሌሊት፣ ምን ትጎመጉማለህ፣ አፍህን ክፈት! በአባባ ቤት ሌሊት መብራት የለም። የቃል ትምህርት ነውና በጨለማ ነው የሚባለው፤ እሳቸውም በጨለማ ሰምተው ያርማሉ። ክንፈ በተቆጡት ቁጥር ጮክ አለ። ጮክ ሲል ደግሞ ያሾፍብኛል ብለው አስወጡት።

ከጽዮን በዓል በኋላ አ/አ እገባለሁ፣ ዘበኝነት አይጠፋም፣ ይላል። ያ ድምፅ ለዘበኝነት! ተናድጄ ነው የገባሁት።

ኅዳር ፯

አባባ መጡ። ከአንኮበር አጠገብ ካለችው ከጎረቤላ በጭነት መኪና፣ አቧራ ለብሰው። መጫሚያቸውን ሳያወልቁ ጀመሩ። ነገሩ እንዲህ ነው፤ የደብሩ አለቃ ጠርተዋቸው፣ መሪጌታ፣ ተማሪዎችዎ ስሕተት እየያዙ ነው፣ ለጽዮን ማኅሌት ሌላ መሪ ከጎንዎ ይቁም ብለዋቸዋል። ሌላ መሪ! አባባ እንቅልፍ አጥተዋል። ጥፋቱ የተማሪው ነው ይላሉ። የዛሬ ልጅ ሰነፍ ነው፣ ቃሉን በጥርሱ ይዞ ያስቀረዋል።

ክንፈን ይመልሱት ብዬ ለመንኩ። “እግዜር ድምፅ ሰጥቶት ለእኔ የሚሰስት ተማሪ ምን ያደርግልኛል?” ከዚህ ወዲያ አላነጋገሩኝም።

ሳስታጥባቸው ከኋላቸው ሆኜ ሁለት ጊዜ ጠራኋቸው፤ ዝም። አኩርፈውኛል። እንግዲህ ያኩርፉ፤ እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ።

ኅዳር ፰፣ ማታ 2 ሰዓት

እንዴት ብዬ ልጻፈው። ቀስ ልበል።

ኩርፊያው እንዲለቃቸው ብዬ ወደ ላቦራቶሪው ወሰድኳቸው። የት/ቤቱን ማይክሮፎን ከኦሲሎስኮፑ ጋር አያያዝኩና፣ አባባ ትንሽ ዜማ ይበሉበት አልኩ። ዜማ ለብረት አይባልም አሉ። ለብረቱ ሳይሆን ለእኔ ይበሉልኝ አልኩ። እንደ ማንጎራጎር አደረጉ። መስመሯ ተነሣች!

የጄኔሬተሩ ሞገድ ለስላሳ ነው። የአባባ ግን በኮረብታው ላይ ሌላ ኮረብታ፣ በዚያም ላይ ጥርስ ጥርስ አለው። ዜማውን ከግዕዝ ወደ ዕዝል ሲለውጡት መልኩ ተለወጠ። ወደ አራራይ፤ እንደገና ሌላ። “ይሄ እኔ ነኝ?” አሉ። እርስዎ ነዎት። ትንፋሻቸውን ያዙ፤ መስመሯ ቀጥ ብላ ተኛች። ዝምታም ይታያል ለካ፣ አሉና አማተቡ። እኔም አማተብኩ፣ ሳላስበው። በትምህርቴ ያነበብኩት ሁሉ እዚያች ቅጽበት ላይ እውነት ሆነ።

ከዚያ ጄኔሬተሩን ከት/ቤቱ ራዲዮ ጋር አገናኘሁ፤ ውዝዋዜው በዓይን እየታየ በጆሮም እንዲሰማ። አምስት መቶ። አባባ በድምፃቸው ያዙት፣ ልክ! ሺህ። ሰሙት፣ ቀጥኗል አሉ። ቁልፉን ከፍ አደረግሁ። ሁለት ሺህ አለፈ። አባባ ቀና ብለው፣ “ምነው አጠፋኸው?” አሉ።

አላጠፋሁትም። ጆሮዬን ይበሳኛል። ሞገዱ መስታወቱ ላይ ቆሟል፣ ጥቅጥቅ ብሎ። ይቀልዳሉ ብዬ አየኋቸው። አባባ በድምፅ ቀልደው አያውቁም። መለስኩት፤ መጣ አሉ። ከፍ አደረግሁት፤ ሄደ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ማጥፋት ነበር ያሰብኩት፤ መሣሪያው ተበላሸ ለማለት።

ጋሽ ደምሴ በሩን ከፍቶ ገባ፣ ሁለት ጆሮውን ይዞ። “ኧረ በሞቴ ዝጋው! አናቴን ቀደደው እኮ!”

አባባ ጋሽ ደምሴን አዩ። መስታወቱን አዩ። እኔን አዩ።

“ይጮኻል?”

አዎ አባባ።

“አሁንም?”

አሁንም።

መዳፋቸውን ራዲዮው ላይ አሳረፉ። በእጃቸውም የለም። በዓይናቸው ብቻ አለ። ቁጭ አሉ። ጋሽ ደምሴ ነገሩ ሳይገባው ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ አባባ፣ ለእኔ ሳይሆን ለወለሉ፣ እንዲህ አሉ፤

“ሌሊት አፉን አላየውም።”

ማስታወሻዬ፣ ይሄው ነው። ቀን ክንፈን በዓይናቸው ነበር የሚሰሙት፤ ለራሳቸውም አልታወቃቸውም። ሌሊት ዜማው ይመጣላቸዋል፣ ቃሉን የሚለዩት እነ ሰ፣ እነ ፈ ግን ቀጭን ድምፅ ናቸውና ቃሉ ይጠፋል። የጠፋውን ቃል ከልጁ አፍ ፈለጉት። እኔም ከኋላቸው ጠርቼ ዝም ቢሉኝ ኩርፊያ ነው አልኩ። የሳይንስ መምህር!

ኅዳር ፱፣ ጠዋት 4 ሰዓት፣ በእረፍት

ያዘኑ መስሎኝ ነበር። ጠዋት ጸሎታቸውን አድርሰው ሲጨርሱ ፊታቸው በርቷል። የሚያስቡት ስለ ጆሯቸው አይደለም። ሳንሰማው የሚዘመር ስንት አለ ማለት ነው፣ አሉኝ፤ መላእክት ያለ ዕረፍት ያመሰግናሉ እያልኩ ሳስተምር የኖርኩት በእምነት ብቻ ነበር፣ ትናንት ግን የማልሰማው ድምፅ ፊቴ ቆሞ አየሁ።

ከዚያ ክንፈ የት ነው አሉ።

ወሰድኳቸው። ግንበኞቹ ሥራ ላይ ናቸው። አባባ ማንንም ሰላም ሳይሉ ወደ ድንጋዩ ክምር ሄዱ፣ ጎንበስ አሉ፣ አንዱን አንሥተው ትከሻቸው ላይ አደረጉ። ጥምጥማቸው ዘመም አለ። ይቅርታ ጠያቂ ድንጋይ ይሸከማል፤ የአገር ወግ ነው፤ ተማሪ ለመምህሩ ሲሸከም አይቻለሁ። መምህር ለተማሪው ግን አይቼም ሰምቼም አላውቅ። ግንበኞቹ ቆሙ። “ይውረድ! አባቴ ይውረድ!” ይላሉ። አላወረዱም።

“አልጎመጎምክም ልጄ። እኔ ነኝ ያልሰማሁህ። ስለ እመቤቴ ብለህ ይቅር በለኝ።”

ክንፈ የተሸከመውን ጥሎ ሮጠ። “የኔታ፣ ኧረ ስለ ማርያም!” ድንጋዩን ከትከሻቸው ተቀብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። ሁለቱም አለቀሱ። እኔም። ደወል ተደወለ፣ ልግባ።

ኅዳር ፲፣ ማታ 1 ሰዓት

ሄዱ፣ አብረው፣ በጭነት መኪና። ከእንግዲህ የሌሊቱን ጉባኤ ክንፈ ሰምቶ ያርማል፤ አባባ የቀኑን። የጽዮንን ማኅሌት የሚመራውም ክንፈ ነው። አባባ ይህን ለአለቃው በጓዳ አይናገሩም። በዋዜማው፣ ካህናቱ ሁሉ በተሰበሰቡበት፣ ጆሮዬ ከድቶኛል ይላሉ። በዚያ ደብር ያረጁበትን ወንበር በገዛ አፋቸው ይለቃሉ።

ማምሻውን ብቻዬን ጄኔሬተሩን ከፍ፣ ከፍ አደረግሁ። አንድ ቦታ ላይ ለእኔም ጠፋ። ሞገዱ እንዳለ ነው። ጎረቤት አንድ ውሻ መጮኽ ጀመረ። ፈራሁ፣ ደስም አለኝ፤ እንዴት ሁለቱ አንድ ላይ እንደሚሆኑ እንጃ።

በዋዜማው ዕለት ለ11ኛ ክፍል መሣሪያውን እንዳሳይ ፕሮግራም ተይዟል። ዳይሬክተሩ ጠንካራ ሰው ናቸው፣ ቀሪ አይወዱም። ነገ ጠዋት ገብቼ ፈቃድ እጠይቃለሁ። ቢከለክሉኝም እሄዳለሁ። አባባ መኪናው ላይ ከወጡ በኋላ ጎንበስ ብለው፣ አፌን አፌን እያዩ፣ ያሉኝ ይህን ነው፤

“ስናገር አጠገቤ ቁም። የሚመልሱልኝን ትነግረኛለህ።”