ትምህርት ቤትን ከቀጥቃጭ ቤት ያገናኙት የመምህር ሃይለ ሚካኤል ይሄይስ የሕይወት ታሪክ

መምህር ሃይለ ሚካኤል ከአባታቸው ከቄስ ይሄይስ ክንፈሚካኤልና ከእናታቸው ከወይዘሮ አደይ በ1887 ዓ.ም. አዴት አጠገብ ተወለዱ። ዳዊት ደግመው፣ ቅኔ ተቀኝተው፣ ዓባይን ተሻግረው አዲስ አበባ ዘመናዊ ትምህርት ተማሩ። በ1918 ዓ.ም. ወይዘሮ አልጣሽን በተክሊል አግብተው እህተ ማርያምንና ሸጋዬን ወለዱ። እኔን የእኅታቸውን ልጅ ቢሆነኝንም አሳድገው ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት አብቅተውኛል። ደስ የማይላችሁን ካነበብሁ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸውና ቅሬታችሁን እፊታችሁ ላለው የአስከሬን ሳጥን አቅርቡ።

በ1922 ዓ.ም. ቡሬ ላይ በተከፈተችው ትንሽ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተሾሙ። ፊደል ለይቶ እጁ ሥራ የማያውቅ ልጅ ለአገር ግማሽ ሰው ነው ይሉ ነበር። ስለዚህ የገበያውን አናጢ፣ ሸማኔውንና ቀጥቃጩን አቶ እንዳለውን ለምነው ተማሪዎች ሐሙስ ሐሙስ ሙያ እንዲማሩ ተስማሙ። የመጀመሪያው ዓመት ከሸፈ። ልጆቹ ውሃ ሲቀዱና ወናፍ ሲነፉ ዋሉ እንጂ አንዳች አልተማሩም። መምህር ጥፋቱን አልሸፈኑም፤ በየባለሙያው ቤት ዞረው ውሉን አደሱት። ልጁ አንድ ዕቃ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጁ ሳይሠራ አይመለስም፤ ዕቃው ለባለሙያው ይሆናል፤ ባለሙያውም ዓርብ ዓርብ ትምህርት ቤት መጥቶ ያስተምራል።

አቶ እንዳለው ጥቁር ሰሌዳው ፊት የቆሙ ዕለት ከተማው ታመሰ። «ቡዳ ልጆቻችንን ሊበላ ነው!» ብላችሁ ልጆቹን እየጎተታችሁ አወጣችሁ። መምህር በሩ ላይ ቆመው «ጌቶቼ፣ ማረሻችሁን ማን ሠራው? እህሉን ስትበሉ ሆዳችሁን አላመማችሁም?» አሉ። ከቀሩት ጥቂት ልጆች አንዱ የወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ አንድ ልጅ ክንዱ ነበር። ማጭድ ሠርቶ ለእናቱ ሲያሳይ አይቻለሁ፤ ልጁ ከማጭዱ ይበልጥ ያበራ ነበር።

ከዚያ ጠላት ገባ። በ1930 ዓ.ም. አንድ ጣሊያን የመንገድ ሥራ ተቋራጭ «ተማሪዎቹን ስጡኝ፣ ሙያ ላስተምራቸው» አለ። ቀጥቃጭ ያጸየፋችሁ ሽማግሌዎች ለእሱ ሰጣችሁ፤ የፈረንጅ ሙያ አያረክስም አላችሁ። ወላጆችን የጠየቀም አልነበረም። መምህር ብቻ ተቋራጩ ዘንድ ሄደው «ልጁ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚሠራው ዕቃ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። አስተርጓሚው ሳቀና «ጠጠር!» አለ።

እውነትም ጠጠር ነበር። ልጆቹ ድንጋይ ሲፈልጡ፣ ድማሚት አፈናጥሮ ያመጣው ድንጋይ ክንዱን ገደለው። መምህር ከቀብሩ ሲመለሱ የቀሩትን ልጆች ሰብስበው ወደ አቶ እንዳለው አገር፣ ከገበዝ ማርያም ማዶ ወዳለው ገጠር ይዘዋቸው ወጡ። ጠዋት ፊደል፣ ከሰዓት መዶሻ፤ ለአርበኛው ጠመንጃ የሚጠግኑት ቀጥቃጮች የልጆቹም መምህራን ነበሩ። እኔ ኮረብታው ላይ ቁጭ ብዬ የመዶሻውን ድምፅ ስሰማ የቅዳሴ ደወል ይመስለኝ ነበር።

በ1931 ዓ.ም. ጠቋሚ ተገኘና መምህር ተያዙ። ጠቋሚው ከመካከላችን ነው። ስሙን እንዳልጽፍ መምህር አስምለውኛልና አልጽፍም፤ እሱ ግን ራሱን ያውቃል። ቡሬ ላይ እርጥብ ጉድጓድ ውስጥ ታስረው ደረታቸው ታመመ። በየካቲት 1933 ዓ.ም. ጠላት ሲሸሽ በቃሬዛ ተሸክመው ያወጧቸው አቶ እንዳለው ናቸው። እኛ ዘመዶቻቸው ገና «መንገዱ ሰላም ነው ወይ?» እያልን ነበር።

መምህር ሚያዝያ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. በተወለዱ በ46 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውን፣ እኔን፣ ከገጠር የተመለሱ ተማሪዎቻቸውንና አቶ እንዳለውን ትተው ሄደዋል። ኑዛዜያቸው አጭር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የዓርቡ መምህር ይመለሱ፣ በቀብሬም ከቤተሰቤ ጋር ይቁሙልኝ ብለዋል።

ዛሬ ግን የሳጥኑን ምስማር የቀጠቀጡት አቶ እንዳለው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ቆመዋል። በሩ ላይ ማን እንደመለሳቸው አይቻለሁ። ምስማሩ ገብቷል፣ ሠሪው አልገባም!

አባቶቼ ካህናት ይፍቀዱልኝ፤ ፍትሐቱ ጥቂት ይቆየን። አያ እንዳለው፣ ይግቡ። እናንተም መንገድ ልቀቁ። እሳቸው ከሳጥኑ ራስጌ ሲቆሙ እግዚአብሔር የመምህርን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን እንላለን፤ ከዚያ በፊት ግን አሜን የሚል አፍ አይኑረን።