እናቴን በስምንት ዓመት ላስረጁልን ሊቀ መንበር

ካርቱም፣ ዴም
ግንቦት 10 ቀን 2007 ዓ.ም.

ለተከበሩ የልብ ቀዶ ሕክምና መራጭ ኮሚቴ ሊቀ መንበር፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ እንዳያጥርዎ፣ ሲተኙም አንድ ትራስ እንዲበቃዎ ምኞቴ ነው። እናቴ ወይዘሮ እጅጋየሁ ሦስት ትራስ ላይ ደርሳለች። በአማርኛ መጻፌን እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ፤ በዓረብኛ የላክኋቸው ሦስት አቤቱታዎች መልስ ስላላገኙ፣ ቋንቋ ብለውጥ የምናጣው ነገር የለም ብዬ ነው።

1. በቅድሚያ ስለ ዕድሜዋ አመሰግናለሁ። እናቴ የተወለደችው በ1937 ዓ.ም. በመስቀል ማግስት ስለሆነ ዛሬ ሰባ ዓመቷ ነው። በ1971 እኔን ይዛ ድንበር ስትሻገር የመዝገቡ ጸሐፊ የተወለደችበትን ዘመን ጠየቃት፤ 1937 አለችው፤ እሱ የእኛ ዘመን ከእናንተው ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ እንደሚቀር ሳይጠይቅ፣ እሷም ሳትነግረው፣ እንዳለ ጻፈው። ቀኑን እንደ ስደተኛው ሁሉ ጃንዋሪ አንድ አደረገላት። አራት ልጅ ማሳደግ ያላመጣባትን እርጅና በአንድ መስመር ተቀበለች። እኔንም በዚያው ብዕር ስላስረጀኝ፣ በአርባ ሁለት ዓመቴ ቢጣቃዬ፣ መታወቂያዬ፣ ላይ ሃምሳ ሞልቶኛል፤ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወንበር ስለሚለቁልኝ እስከ ዛሬ አላጉረመረምኩም።

2. የኮሚቴዎ ደንብ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ልቡ አይከፈትም ይላል። ቢጣቃዋ ሰባ ስምንት ስላለ፣ ማርች ላይ የክልከላ ደብዳቤ ጻፉልን። የራስዎ ሆስፒታል ሐኪም ዶክተር ሉጥፊያ ግን ሁለት ቀን ሙሉ መርምረዋት፣ ቫልቭ የሚሉት የልቧ በር አልገጥም ብሎ ደሟ ወደ ኋላ እንደሚመለስ፣ በሩ መለወጥ ሳያስፈልገው ተጠግኖ እንደሚሠራ፣ ሳንባና ኩላሊቷም ቀዶውን እንደሚችሉ፣ ከዘገየ ግን ልቧ ሰፍቶ ጥገናው ከንቱ እንደሚሆን ጽፈዋል። እርስዎ ከልቧ ይልቅ ቢጣቃዋን መመርመር መረጡ፤ መሣሪያም ማደንዘዣም ስለማይጠይቅ አስተዋይነትዎን አደንቃለሁ።

3. ማስረጃ ካላችሁ አምጡ ስላሉንም ምስጋናዬ ይድረስዎ። ከተወለደችበት ማዘጋጃ ቤት የልደት ወረቀት ተጠየቅን፤ እናቴ በተወለደችበት መንደር ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ ገና አልተወለደም። ስለዚህ የደብራችን ቄስ ሀብተሚካኤል፣ የአገሯ ልጅ ስለሆኑ፣ እናቴ የታላቅ ወንድማቸው እኩያ እንደሆነችና በሰማንያ ቀኗ ክርስትና እንደተነሣች ጽፈው አተሙልን። በሕይወቷ የምታውቀው ሰማንያ ይህ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኞ ከነትርጉሙ ይዘን ከመዝገብ ቤትዎ መስኮት ቀረብን። የመስኮቱ ጸሐፊ ወይዘሮ መዲና እናቴን በአክብሮት ሐጃ ብለው፣ የራሳቸውን ወንበር አውጥተው አስቀመጧት፤ ስለዚህ በክፉ አላነሣቸውም። ከዚያ ቀኑን አነበቡ። ግንቦት 3 ቀን 2007 ይላል። ይህ ደብዳቤ ስምንት ዓመት የቆየ ነው፣ ከስድስት ወር ያለፈ ማስረጃ አንቀበልም፣ ኸላስ፣ አበቃ አሉን። የማኅተሙ ቀለም ገና ስላልደረቀ ጣቴን ወይን ጠጅ አድርጎታል፤ ጣቴን አሳየኋቸው። የአገራችን ዘመን ነው ብላቸው፣ ታዲያ አገራችሁ ምን ይዟት ነው የዘገየችው ሲሉ ጠየቁኝ። እናቴ ሲያወሩ ስለሚደክማት ቃል ትቆጥባለች፤ ወረቀቱን አየችና፣ እሱንም እንደ እኔ አስረጁት አለች።

4. ቀዶውን የሚሠሩት እንግዳ ሐኪሞች ወሩ ሲያልቅ ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። ዳግመኛ መቼ ይመጣሉ ብዬ ጠይቄ ኢንሻላህ ተብያለሁ። በቃሉ እኛም እናምናለን፤ አራተኛ ትራስ ግን ማስቀመጫ የለንም።

ደንብዎ ይጽና፣ ማኅተምዎ አይድረቅ እያልኩ፣ ባላረጀሁበት ዕድሜ ከሚገባኝ በላይ አጎንብሼ እጅ እነሣለሁ፤

በቢጣቃ ሃምሳ፣ በእናቴ ቆጠራ አርባ ሁለት ዓመት የሆነኝ፣ የወይዘሮ እጅጋየሁ ልጅ
ማዘንጊያ

ማስታወሻ፦ ዕድሜዋ 78 ስለሆነ አይፈቀድም የሚለው ደብዳቤዎ ግርጌው ላይ 2015 የሚል ዓመት አለበት። በወይዘሮ መዲና ሥርዓት፣ የተጻፈውን ዘመን እንዳለ አነበብኩት። እኛ ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ካላንደር 2007 ስለሚል፣ ደብዳቤዎ ለመጻፍ ስምንት ዓመት ይቀረዋል። በ2015 እናቴ በእርግጥም 78 ይሆናታል፤ ያን ጊዜ ያለ አንዳች ክርክር እንከለከላለን። እስከዚያ በሕይወት ደርሳ እንድትከለከል ግን በመጪው እሑድ፣ በእናንተ የሥራ ቀን፣ ከቅዳሴ መልስ ሦስት ትራሷን ሪክሻ ላይ ጭነን እንመጣለንና፣ ወይዘሮ መዲና ያችን ወንበር እንዲያዘጋጁልን ይንገሩልን።