ደረቅ ማጠፊያ

ጥር 6

ደብዳቤው ዛሬ መጣ። የመጀመሪያውን ዙር የምርምር ድጋፍ አገኘን። መንግሥት ሁለት ሰውና አንድ የብረት መቅረጫ ቶርኖ ያለውን ጋራዥ አምኖ የሳተላይት ዕቃ ሥሩ አለ። ወይ መንግሥት ደፋር ነው፣ ወይ ሌላ አመልካች አልነበረም።

ለእናቴ ደወልኩ።

"ምንድን ነው የምትሠሩት?"

"ማጠፊያ። ሳተላይቱ ሕዋ ሲደርስ የሶላር ክንፉን የሚዘረጋ..."

"የበር ማጠፊያ?"

"የሳተላይት፣ እማዬ።"

"እሱማ ገባኝ። የጓዳዬ በር ሲጢጥ እያለ አስቸግሮኛል፣ ለወንድሜ ንገሪልኝ።"

ይኼን ሁሉ ዓመት ተምሬ... የጓዳ በር። ይሁን።

ወንድሟ፣ ማለትም አጎቴ፣ ብቸኛው ሠራተኛዬ ናቸው። ይሠሩበት የነበረው ፋብሪካ ሲዘጋ ባለቤቶቹ ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን ቶርኖ ለቁርጥራጭ ብረት ነጋዴ ሊሸጡት ሲሉ፣ አጎቴ ለምነው አስቀርተውታል። ድርጅቴ ማለት ያ ቶርኖ ነው። ሁለተኛው ዙር ካልተፈቀደልን ጋራዡን እንለቃለን፣ ቶርኖውም ወደ ነጋዴው ይሄዳል። አልነገርኳቸውም። ነግሬስ ምን ላመጣ?

ጥር 11

የድጋፉን ቅጽ ስሞላ ዋልኩ። ሃያ ሁለት ገጽ። ማጠፊያው ራሱ ከአውራ ጣቴ አይበልጥም።

"ምርምሩ ለሀገር የሚሰጠው ጥቅም" ሦስት መስመር። "የድርጅቱ መዋቅር በሥዕል" ሙሉ ገጽ! ሁለት ክብ ሣልኩ። እኔን ከላይ፣ አጎቴን ከታች። በመስመር አገናኘኋቸው። መዋቅር ማለት ይኼ ነው እንግዲህ።

"ቅባት" የሚለው ሣጥን ላይ "የለም" አልኩ። ዋናው ነገር እሱ ነው። ሕዋ ላይ ዘይት ይተናል፣ ተንኖም የካሜራውን መስታወት ያለብሰዋል። ማጠፊያችን ደረቁን መሥራት አለበት። ካልሠራ የእናቴን በር መጠገን ይሻለናል።

ጥር 28

ሙከራው ተጀመረ። ማጠፊያው አየሩ ተመጥጦ በወጣ፣ በሚያንቀጠቅጥ ቅዝቃዜ በተሞላ በርሜል ውስጥ ይቀመጣል። በቀን አሥር ጊዜ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ሁለት መቶ ሲሞላ አለፍን ማለት ነው። ጠዋት ጠዋት አጎቴ በርሜሉን ከፍተው አይተው ይዘጉታል። እኔ ስደርስ ሁሉም ዝግጁ ነው። እሳቸው ወፍ ሳይንጫጫ ነው የሚነሡት። እኔ... እኔ ዳይሬክተር ነኝ።

የካቲት 7

መቶ! አንዴም ነክሶ አልቆመም። ማን ነደፈው? እኔ። በፒኑና በቀዳዳው መካከል ፀጉር አይገባም።

ብቻ አጎቴ ዛሬም አልተዋጠላቸውም።

"ፒኑ ብረት፣ ቀዳዳው ያው ብረት። ይነካከሳል እኮ። ፒኑን ነሐስ አድርጊው ብዬሽ ነበር።"

"ጋሼ፣ ይኼ የጋሪ ጎማ አይደለም።"

"እሺ። አንቺ ታውቂያለሽ።"

እንዲህ ሲሉ አታውቂም ማለታቸው ነው። ግን መቶ ነው! ቁጥር አይዋሽም።

የካቲት 17

ሁለት መቶ። ሪፖርቱ ተላከ። ገምጋሚው መጋቢት ሁለት ይመጣል። አጎቴን አቅፌ ሳምኳቸው። "እኔ ምን ሠራሁ?" አሉ። ትሕትናቸው...

የካቲት 23

ትሕትና አይደለም።

እንግዳ ይመጣል ብዬ በርሜሉን ሳጸዳ የመመልከቻው መስታወት ጭጋግ ለብሷል። በጣቴ ጠረግሁት፣ ያሙለጨልጫል። አሸተትኩት። የማሽን ዘይት!

አጎቴ የሉም፣ ጥርሳቸውን ሊታዩ ሄደዋል። መደርደሪያቸው ላይ ያቺ አፈ ቀጭን የዘይት ጣሳቸው ተቀምጣለች። ፋብሪካ እያሉ ማሽን ሳይቀቡ ሥራ ጀምረው አያውቁም። ልጅ ሆኜ ሲነግሩኝ ስንቴ ሰምቻለሁ... "ያልተቀባ ብረት እንዳልበላ ሰው ነው፣ ይናከሳል።" እኔ አልሰማ ስላቸው በራሳቸው መንገድ አዳኑኝ። በየጠዋቱ።

ማጠፊያውን በኬሮሲን አጥቤ፣ አድርቄ በርሜል ውስጥ መለስኩት። አንድ... ሁለት... ስምንተኛው ላይ ንክስ። ሞቶ ቀረ።

ስምንት። ሪፖርቱ ላይ ያለው ሁለት መቶ ነው። ፀጉር የማያስገባው ንድፌ ይኸውላችሁ!

የካቲት 24

የነከሰውን አስለቅቄ በቦታው መለስኩት። ለአጎቴ ምንም አላልኩም።

ለማን ብዬ? ለሳቸው ብዬ እኮ ነው! በስተርጅና ይሸማቀቁ? ቶርኖአቸው ይሸጥ? እንዴት ያለሁ ርኅሩኅ ሰው ነኝ። ቅጹ ላይ የቅባቱን ሣጥን ስሞላ ደግሞ እውነት ነበር። ውሸት የሆነው በኋላ ነው። ለዚያ የሚሆን ሣጥን የለም፣ ፈልጌአለሁ።

መጋቢት 1

ነገ ነው። ቁልፉን እንደ ወትሮው ለአጎቴ ተውኩ። ጠዋት መጥተው እንደሚቀቡት እያወቅሁ።

መጋቢት 2

ገምጋሚው ከአፉ "ምናልባት" የማይለይ ሰው ነው። አቶ ምናልባት ብዬዋለሁ። "ምናልባት ጥሩ ሥራ ነው።" "ምናልባት ውሃ አገኛለሁ?"

ማጠፊያውን አሠራንለት። ቅቤ ላይ እንደሚሄድ ቢላዋ... ክፍት፣ ዝግት። አየ፣ ወደደ፣ ጻፈ። ሊሄድ ፋይሉን አጠፈ። ቦርሳውንም አንሥቷል!

"ምናልባት ለመዝገቡ ያህል... ቅባት አልተጠቀማችሁም?"

"አልተጠቀምንም። ደረቅ ነው" አልኩ። ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አጎቴ ከቶርኖው ጋ ሆነው ሰሙ። ተቆጡ። ሥራቸውን የካድኩባቸው መስሏቸው።

"ምን ማለትሽ ነው? በየቀኑ ጠዋት እቀባው የለም እንዴ! ዛሬም ቀብቼዋለሁ!" ጣሳዋን አንሥተው አሳዩት። "ጌታዬ፣ እኔ ያለሁበት ቤት ደረቅ ማሽን አይሠራም።"



አቶ ምናልባት ጣሳዋን አየ፣ እኔን አየ። ፋይሉን መልሶ ዘረጋ። ለመጀመሪያ ጊዜ "ምናልባት" ሳይል "ያውቁ ነበር?" አለኝ።

"ከዘጠኝ ቀን ወዲህ" አልኩ።

ጻፈ። ከሄደ በኋላ አጎቴ በኩራት "አስረዳሁልሽ አይደል?" አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ አስረዱልኝ።

መጋቢት 3

አልነገርኳቸውም። ዛሬም ቀቡት።

መጋቢት 5

ነገርኳቸው። ሁሉንም፤ ዘይቱ የሚያደርገውን፣ ሁለተኛውን ዙር፣ ቶርኖውን። ጣሳዋን አስቀምጠው በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

"እኔ ነኛ ያጠፋሁት።"

"አላወቁም እኮ ጋሼ።"

"አንቺ ግን አውቀሻል።"

"አውቄአለሁ።"

"አውቀሽ ቁልፉን ለእኔ ሰጠሽኝ? እንድቀባልሽ?"

መሬቱን አየሁ። እንደ ዛሬ አፍሬ አላውቅም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ካፖርታቸውን አንሥተው ቀስ ብለው ወጡ።

መጋቢት 6

አልመጡም።

መጋቢት 7

አልመጡም። ጋራዡን ራሴ ከፈትኩ። እናቴ ደውላ "ምን አድርገሽው ነው? እህል አልበላም ብሏል" አለችኝ። አለቀስኩ።

መጋቢት 9

ጠዋት ስመጣ ቶርኖው ይጮኻል። ሰላምታ የለም። አንዲት ቢጫ ፒን መዳፌ ላይ ጣሉ፣ ገና ትሞቃለች። ነሐስ።

"አሁን ክፍተቱን ለቀቅ አድርጊውና ደረቁን ሞክሪው። የጋሪ ጎማ እንዲህ ነው የሚሠራው።"

ሚያዝያ 4

ደብዳቤ። ሁለተኛው ዙር ተከለከልን። ያቀረብነው ውጤት ተሠርዟል። ሙከራውን በደረቁ ደግመን፣ በየቀኑ የተፈረመ መዝገብ አያይዘን፣ ለሚቀጥለው ዓመት ማመልከት "እንችላለን"። ምናልባት።

እስከዚያ ጋራዡን ምን ያቆየዋል? አጎቴ ጎረቤት የሚሠራውን ሕንፃ ዞረው አይተው መጡ። ስድሳ በር አለው። ስድሳ በር ማጠፊያ ይፈልጋል። ሕዋ ቀርቶ ሦስተኛ ፎቅ ደረስን።

ግንቦት 10

የእናቴን በር ባለፈው እሑድ ሠራንላት። "ይኼን ያህል ቀላል ከነበረ አራት ወር ምን ትሠሩ ነበር?" አለች።

በርሜሉ ውስጥ ያለው ማጠፊያ ትናንት ሁለት መቶ ሞላ። በነሐስ ፒን፣ በለቀቀ ክፍተት። መዝገቡ ላይ በየቀኑ የአጎቴ ጽሑፍ አለ። "ዛሬ አልቀባሁም።" ፊርማ። ከሥሩ የኔ ፊርማ። የበሩን ማጠፊያ ሲቀቡም "ይኼኛው ይቀባል?" ብለው ሳይጠይቁ ጣሳዋን አያነሡም። በጠየቁኝ ቁጥር ጆሮዬ ይግላል።

ዛሬ ቅጹን እንደገና ሞላሁ። አሁን ሃያ አራት ገጽ ሆኗል፣ አድጎ። መዋቅሩ ላይ ሁለቱን ክቦች ጎን ለጎን ሣልኩ። "ቅባት" የሚለው ሣጥን ጋ ስደርስ እስክርቢቶዬን አስቀምጬ ተነሣሁ።

"ጋሼ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ልጠይቅዎት። ቀብተዋል?"

ቶርኖውን አጠፉ። መነጽራቸውን አወለቁ።

"አልቀባሁም። አንቺስ?"

"እኔም አልቀባሁም።"

መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ።

"በይ እንግዲያው ሙዪው።"

ሞላሁት።