ልጄ የት ማደር እንዳለባት ለወሰኑልን ርእሰ መምህር

ለክቡር ርእሰ መምህር፤
በደብረ ማርቆስ ከተማ ለሚገኘውና ለተማሪዎቹ ክብር ስል ስሙን ለማልጽፈው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንዴት ሰነበቱ? ጤናዎ እንደ ማኅተምዎ የጠነከረ፣ ወንበርዎም እንደ ልብዎ የማይነቃነቅ ይሁንልዎ። እኔም፣ ባለቤቴ ያለምወርቅም፣ ልጄ ሩሃማም፣ ክቡርነትዎ ብዙ ቢደክሙብንም፣ እግዚአብሔር ይመስገን አለን።

ስሜ መሪጌታ ሀይለመለኮት የሺዋስ ይባላል። የጨሞጋን ወንዝ ተሻግሮ ዳገቱ ላይ በምትገኘው ሾላ ሚካኤል በምትባል መንደር ቅኔ አስተምራለሁ፤ በትርፍ ጊዜዬም ጤፍና ገብስ አርሳለሁ። ዲማ ቅኔ ስማር መምህሬ «ተናደህ አትቀኝ፤ ቤት ይመታልሃል እንጂ ምሥጢር አይኖረውም» ይሉኝ ነበር። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ተናድጄ ስለሆነ ክቡርነትዎ ወርቅ ፍለጋ እንዳይደክሙ አስቀድሜ እለምናለሁ። የተጻፈው እንደ ተጻፈ ነው።

በአደባባይ መጻፌም ክቡርነትዎን ለማሳጣት አይደለም። ሁለት ጊዜ ቢሮዎ ድረስ በእግሬ መጥቼ፣ ሦስት ጊዜ ማመልከቻ አስገብቼ መልስ ስላጣሁ፣ ምናልባት ሌላ ሰው ሲያነበው ይሰሙት ይሆናል ብዬ ነው። ለቤተሰቤ ያደረጉልንን ሁሉ በተራ ቁጥር አስቀምጬ ላመስግንዎት።

፩ኛ፤ ስለ ኪራይ ቤቱ።

እንደሚያውቁት የእኛ አገር ልጅ ስምንተኛ ክፍልን ሲያልፍ ድርቆሹንና ሽሮውን ተሸክሞ ከተማ ይገባል። ሩሃማም ዘጠነኛና አሥረኛ ክፍልን የተማረችው ከጎረቤታችን ልጅ ከዘመናይ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይታ ነበር። ክፍሏ መቀርቀሪያ አልነበራትም። ልጆቹ አከራዩን ሁለት ጊዜ ቢለምኑት «እናንተ ደግሞ ምን የሚሰረቅ አላችሁ» ብሎ ሳቀባቸው። አሥረኛ ክፍል ሳሉ፣ ጥር ላይ፣ የአከራዩ ወንድም ጠጥቶ መጣና በሩን ገፍቶ ገባ። ሩሃማ ጮኻ ጎረቤት ስለደረሰ «ለክፉ አልሰጠም» ተባለ። እንዲህ ያለው ግን እዚያ ያልነበረ ሰው ነው። ዘመናይ በማግሥቱ መጽሐፎቿን ለሩሃማ ትታ ወደ እናቷ ቤት ሄደች፤ እስከ ዛሬም አልተመለሰችም። በትምህርት ክፍሏ ውስጥ ከሁሉ ቀድማ እጇን የምታወጣ ልጅ ነበረች።

ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ ወደ ቢሮዎ የመጣሁት። በትዕግሥት አዳመጡኝና «መሪጌታ፣ እኔ የምጠየቀው ከአጥሩ ወዲህ ስላለው ነው። ከአጥሩ ወዲያ ተማሪ የት ያድራል፣ በምን ይመጣል፣ እኔን አይመለከተኝም» አሉኝ። ድንበሩን የሚያውቅ ሹም በዚህ ዘመን ብርቅ ነውና አመስግኜ ወጣሁ። የዘመናይን ስም እንኳ በወረቀት ሳያሰፍሩ ማሰናበትዎ ለሥራዎ ያለዎትን ቁጥብነት ያሳያል።

፪ኛ፤ ስለ ብስክሌቱ።

ሩሃማን ወደ ቤት መለስናት። ከቤታችን ትምህርት ቤትዎ በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። እስከ ሰኔ በእግሯ ተመላለሰች፤ ማታ ደብተሯ ላይ እንደተደፋች እንቅልፍ ይወስዳት ነበር። ክረምት ሲገባ የእህቴ ልጅ ፍቅረ ሥላሴ፣ ከተማ ውስጥ ብስክሌት የሚጠግነው፣ ሊጠይቀን መጣና እግሯን አየ። ተረከዟ ተላጦ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ከሁለት የተሰባበሩ ብስክሌቶች አንድ ማውንቴን ሳይክል ገጣጥሞ ይዞ መጣ። «አጎቴ፣ ይሄ ለአስፋልት አይደለም የተሠራው፤ ለእናንተ መንገድ ነው። ጎማው ወፍራም ነው፤ ማርሹም ዳገት ያወጣታል» አለኝ።

ሩሃማ አውድማው ላይ ስትለማመድ ክረምቱ አለቀ። ወደቀች፤ ጉልበቷ ተላጠ፤ ክንዷ አበጠ። ሰው አወራ፤ የመሪጌታ ልጅ ብረት ፈረስ ላይ ወጣች ተባለ። እኔም ወሬው ሲበዛብኝ ጊዜ ይቅርባት ልል ነበር። ያለምወርቅ ግን ክንዷን እያሸችላት «የወደቀችው ከብስክሌት ነው፤ ከሰው እጅ አይደለም። ይድናል» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ይቅርባት የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

መስከረም ላይ አሥራ አንደኛ ክፍል ስትገባ፣ ያ የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ሃምሳ ደቂቃ ሆነ። አንድ ሰዓት ላይ ከቤት ትወጣለች፤ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ በርዎ ላይ ናት። ማታም ከእናቷ ጋር እራቷን ትበላለች። ከክፍሏ አሥራ ዘጠነኛ የነበረችው ልጅ በመጀመሪያው ፈተና ሦስተኛ ወጣች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ከፍቅረ ሥላሴና ከጓደኞቹ ጋር ከመንደራችን በላይ ያለውን ተራራ ትወጣው ጀመር። አንድ ቅዳሜ አጨዳ ላይ ሆኜ ከላይ በኩል ሳቅ ሰማሁ። ቀና ስል ሩሃማ በቀጭኑ መንገድ፣ ከፔዳሉ ላይ ብድግ ብላ ቆማ፣ ድንጋዩን በግራ በቀኝ እያለፈች ትወርዳለች። ልጄ ከዚያ ከጥር ወር ወዲህ ስትስቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ማጭዴን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። ይህን የምነግርዎ ኋላ የከለከሉት ነገር ምን እንደነበር እንዲያውቁት ነው።

፫ኛ፤ ስለ ማስታወቂያው።

ኅዳር አጋማሽ ላይ ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት ተለጠፈ። «የተማሪዎችን ደኅንነት ለመጠበቅ ሲባል» ብሎ ይጀምራል። ከገጠር የሚመጣ ተማሪ ሁሉ ከተማ ውስጥ እንደሚኖር የሚያስረዳ የኪራይ ውል ያቅርብ፤ ብስክሌት ወደ ግቢ ማስገባት ክልክል ነው፤ ሴት ተማሪ ከዩኒፎርም ቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ ብትገኝ ትመለሳለች። ያነበብኩት በገዛ ዓይኔ ነው። አይመለከተኝም ያሉት የአጥር ማዶ በአሥር ወር ውስጥ ይህን ያህል እንደቀረበዎት ሳይ ለሐዘኔ ዘግይተው የደረሱ ለቀስተኛ መሰሉኝ። ችግሩ ልጄን ሊጠብቁ የላኳት ወደዚያው ወደ ኪራይ ቤት መሆኑ ብቻ ነው። በሩ መቀርቀሪያ ይኑረው አይኑረው የሚል አንቀጽ ደግሞ ወረቀቱ ላይ አላገኘሁም።

ለሁለተኛ ጊዜ መጣሁ። ከጸሐፊዎ ጠረጴዛ ፊት ሁለት ሰዓት ከጠበቅሁ በኋላ አስገቡኝ።

«ሴት ልጅ በዩኒፎርም ብስክሌት ላይ ስትወጣ ለሌሎቹ ምን ታስተምራለች?» አሉኝ።

«ሰዓት ማክበር» አልኩዎ።

«የቤተ ክርስቲያን ሰው ሆነው ይህን መፍቀድዎ ያሳዝናል።»

ቤተ ክርስቲያን ስለ ብስክሌት የደነገገችው ቀኖና ካለ እንዲያሳዩኝ በትሕትና ጠየቅሁ። ስልክዎ ጮኸ፤ እኔም ተሰናበትሁ። ቀኖናውን እስከ ዛሬ እየጠበቅሁ ነው።

፬ኛ፤ ስለ አቶ ቢተው።

አቶ ቢተው ዋናውን በር ሲጠብቁ ጠጉራቸውን ያሸበቱ ሰው ናቸው። ሩሃማ ብስክሌቷን ከበሩ ውጭ የመብራት ምሰሶ ላይ በሰንሰለት ስታስር አይተው «አምጪው ልጄ፤ ከእኔ ማደሪያ ውስጥ ይቀመጥ። ማደሪያዬ ከአጥሩ ጋር የተሠራ ነው፤ ግማሹ ውጭ ነው» አሏት። ለአንድ ሳምንት እንዲህ ሆነ። በስምንተኛው ቀን ክቡርነትዎ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጥተው ወደ ጓሮው በር አዛወሯቸው። ለደግነት የጽሑፍ መልስ የሚሰጥ መሥሪያ ቤት ከዚህ በፊት አላጋጠመኝም። የእኔ ሦስት ማመልከቻዎች ከዚህ ማስጠንቀቂያ በፊት የገቡ መሆናቸውንም ሳላስታውስዎ አላልፍም።

ብስክሌቷ ወደ ምሰሶው ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን ሩሃማ ከክፍል ስትወጣ የፊት ጎማው ከነቸርኬው የለም። የቀረውን ትከሻዋ ላይ ተሸክማ፣ ጨሞጋን ተሻግራ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥታ ስትመጣ መሽቶ ነበር። አላለቀሰችም። ብስክሌቷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ «አባባ፣ ነገ የሒሳብ ፈተና አለኝ፤ በዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሰኝ» አለችኝና ተኛች።

በዘጠኝ ሰዓት ቀሰቀስኳት። በጨለማ አብሬያት ወጣሁ። ያለወቅቱ በጣለው የሌሊት ዝናብ ወንዙ ሞልቶ ስለነበር በሩቁ በላይኛው ድልድይ ዞረን፣ በርዎ ላይ የደረስነው ሁለት ሰዓት ከአሥር ነበር። በሩ ተዘግቷል። አዲሱ ጥበቃ ከሁለት ሰዓት በኋላ ማንንም እንዳላስገባ ትእዛዝ አለብኝ አለ። እርስዎን እንዲጠራልን ለመንኩት። ሄዶ ተመለሰና «ርእሰ መምህሩ ገና አልገቡም» አለን። የፈተናው ሰዓት እስኪያልቅ ልጄ ጭቃ በጠገበ ጫማ በሩ ሥር ቆመች። ሻሼን አውልቄ ራሷን ሸፈንኩላት፤ ሌላ ላደርግላት የምችለው ነገር አልነበረኝም። ለሒሳብ ዜሮ ተሰጣት። ደንብ ሰው አይለይም መባሉን ሰማሁ። እውነት ነው፤ እርስዎን አልፎ እሷን መያዙ ግን ይገርመኛል።

፭ኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ብዕሬ እየጠነከረብኝ ስለሆነ ቁጥሩን እተወዋለሁ።

በዚያ ሰሞን የት እንኑር ብለን ሦስታችን ተቀምጠን መከርን። ሩሃማ ወደ ኪራይ ቤት ትመለስ ማለት አፋችን አልቻለም። ሁላችንም ከተማ እንግባ ብንል እርሻውን ማን ያርሳል፣ ደቀ መዛሙርቱስ ወዴት ይሄዳሉ? እኔ ግን ልሄድ ቆርጬ ነበር፤ የቅኔ ጉባኤዬን ለቀድሞ ደቀ መዝሙሬ ለመምህር ፍሥሐ ላስረክብ አነጋግሬውም ነበር። ሩሃማ ናት እንቢ ያለችው። «እኔ ከቤቴ መውጣት አልፈልግም፤ ትምህርት ቤት እንቀይር» አለች። ከተራራው ባሻገር ያለው ትምህርት ቤት በርቀት ከእርስዎ ይብሳል፤ መንገዱም አቀበት ነው። «አቀበቱን ለእኔ ተዉት» አለችን።

ፍቅረ ሥላሴ ከሌላ ብስክሌት ጎማ ነቅሎ ገጠመላትና አብረናት ሄድን። የዚያ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ወይዘሮ ሕሊና የሚባሉ ሴት ናቸው። የነጥብ ካርዷን አዩ፤ ዜሮውንም አዩ፤ ምክንያቱን ሰሙ። ከዚያ ሩሃማን የጠየቋት አንድ ነገር ነው፤ «ዝናብ ሲመጣ ብስክሌትሽን የት ታስቀምጪዋለሽ?» ወዲያውም ተነሥተው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ያለውን ዕቃ ቤት ከፍተው አሳዩዋት። አሁን በቀን ሁለት ጊዜ ተራራውን ትሻገራለች። ከመንደራችን ሌሎች አራት ልጆችም ብስክሌት ይማራሉ፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ሴቶች ናቸው።

የቀረን አንድ ነገር ነው፤ እሱም ክቡርነትዎ እጅ ላይ ነው። የሩሃማ መልቀቂያ ወረቀት ካልተሰጠን በአዲሱ ትምህርት ቤት በይፋ መመዝገብ አትችልም፤ ምዝገባው በዚህ ወር መጨረሻ ይዘጋል። ጸሐፊዎ መልቀቂያ የሚሰጠው የኪራይ ውል ላቀረበ ተማሪ ብቻ ነው ብላኛለች። ከትምህርት ቤትዎ ለመውጣት በትምህርት ቤትዎ አጠገብ መኖር እንደሚያስፈልግ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ስድሳ ዓመት ኖሬያለሁ፤ ብዙ መጽሐፍም ገልጫለሁ፤ እንዲህ ያለ ትርጓሜ ግን የትኛውም ሊቅ አልነገረኝም።

ስለዚህ አንድ ወረቀት፣ አንድ ማኅተም፣ አንድ ፊርማ እለምናለሁ። ሰኞ ማለዳ በርዎ ላይ እገኛለሁ። ማክሰኞም እገኛለሁ። ወረቀቱ እስኪሰጠኝ ድረስ ደቀ መዛሙርቴን ይዤ እመጣና ጉባኤዬን እዚያው በርዎ ላይ እዘረጋለሁ፤ ቅኔ ለመዝረፍ ደግሞ የኪራይ ውል እንደማያስፈልግ አጣርቻለሁ።

ላደረጉልን ውለታ ሁሉ ቃል ያጠረኝ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ ሳይሆን ልብ እንዲጨመርልዎ ዘወትር የምጸልይ፣ ታናሽ አገልጋይዎ፣

መሪጌታ ሀይለመለኮት የሺዋስ
የሩሃማ አባት
ከሾላ ሚካኤል

ድኅረ ጽሑፍ፤ ደብዳቤውን ከጨረስኩ በኋላ ክቡርነትዎ ራስዎ የሚኖሩት ደምበጫ እንደሆነና በየማለዳው በሚኒባስ ተመላልሰው ቢሮ የሚገቡት ሦስት ሰዓት ገደማ እንደሆነ ሰማሁ። ማርቆስ ላይ ለምን ቤት እንደማይከራዩ አንድ መምህር ቢጠይቅዎ «ልጆቼ እዚያ ናቸው፤ ሰው ከልጆቹ ተለይቶ እንዴት ያድራል?» ብለው መለሱ አሉ። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ይለጥፉልን። ከእኔ ደብዳቤ ታጥራለች፤ የምትለው ግን ያንኑ ነው።