ያዥና ተያዥ፦ የአሥር አለቃ ፋንታ ወልደ ሰንበት የሕይወት ታሪክ

አሥር አለቃ ፋንታ ከአባታቸው ከቄስ ወልደ ሰንበት ኃይለ ሚካኤል እና ከእናታቸው ከእማሆይ ወለተ ኢየሱስ ሣህለ ማርያም በጎጃም ክፍለ ሀገር፣ በቢቸና አውራጃ፣ ከከተማው ብዙም በማይርቅ የገጠር ደብር በ1924 ዓ.ም. ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ ከአባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ፊደል ቆጠሩ፣ ዳዊት ደገሙ። አባታቸው ክህነቱን እንዲወርሱ አጥብቀው ቢመኙም እሳቸው ልባቸው ከደንብ ልብስ ላይ አረፈና በ1945 ዓ.ም. በቢቸና ወህኒ ቤት በጥበቃ ሥራ ተቀጠሩ። ቄስ ወልደ ሰንበት አንድ ዓመት ሙሉ ካኮረፉ በኋላ፣ ልጄ በሌላ በር ገብቶ ነፍስ ጠባቂ ሆነ ብለው እንደ ታረቁ ይነገራል።

በ1948 ዓ.ም. ከወይዘሮ ማናለሽ ታዘበው ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ሦስት ልጆች አፍርተዋል። በሥራም ወደ ሞጣ ወህኒ ቤት ተዛውረው ጥቂት ዓመታት ካገለገሉ በኋላ የአሥር አለቃነት ማዕረግ አግኝተው ወደ ቢቸና ተመለሱ። የሞጣ ሰው እስከ መጨረሻው ወዳጃቸው ነበር።

በ1968 ዓ.ም. በቢቸና ወህኒ ቤት ለእስረኞች ትምህርት ተጀመረ። በዚያ ዘመን ወህኒ ቤቱ ሌላ ሌላው ቢጎድለው እንኳ መምህር አላጣም ነበርና ትምህርቱ ከውጭው የሚያንስ አልሆነም። አሥር አለቃ ፋንታ የክፍሉን በር እንዲጠብቁ ተመደቡ። አንድ ቀን መምህሩ የዓባይ መድረሻ የት እንደ ሆነ ቢጠይቅ አሥር አለቃ ከተማሪው ሁሉ ቀድመው ከበሩ ላይ ሆነው፣ “ደጀን ነዋ!” አሉ። የዓባይን በረሃ ተሻግሮ የሚወጣ መንገደኛ የሚደርስበትን ከተማ መናገራቸው ነበርና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ሰው ቢሆን በእስረኛ መሳቂያ ሆንኩ ብሎ በቂም ይይዘው ነበር፤ እሳቸው ግን አብረው ስቀው በማግስቱ ደብተር ገዝተው መጡ። ጠባቂ ከእስረኛ ጋር እንዳይቀመጥ ደንቡ ስለሚከለክል በርጩማቸውን ደፉ ላይ አስቀምጠው፣ ጠመንጃቸውን ከውጭ ደብተራቸውን ከውስጥ አድርገው ይማሩ ነበር። እንዲህ እያሉ በ1972 ዓ.ም. የስምንተኛ ክፍልን ፈተና ከእስረኞቹ ጋር ተፈትነው አለፉ። ወይዘሮ ማናለሽ ያን ዕለት ለጎረቤት ሁሉ ጠላ አጠጥተዋል።

ከክፍሉ ተማሪዎች አንዱ ዛሬ በመካከላችን የሚገኙት መምህር አካለ ወልድ ናቸው። ያኔ ወጣት ነበሩና በራሳቸው ፈቃድ በዚህ ታሪክ ውስጥ “እሱ” እንላቸዋለን። አካለ ወልድ የየጁቤ ልጅ፣ የቅኔ ተማሪ ሳለ በወጣትነት ግልፍታ የሰው ሕይወት አጥፍቶ የታሰረ ነው። በሽማግሌ እርቅ ቢወርድም ፍርዱን መጨረስ ነበረበት። የቅኔ ቤት ጭንቅላቱን ወደ ሒሳብና ወደ እንግሊዝኛ አዞረና ክፍል እየዘለለ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና እዚያው ሆኖ አለፈ። ከዚያም በተልእኮ ትምህርት የኮሌጅ ዲፕሎማ ጀመረ። ከኮሌጁ የሚላኩትን መጻሕፍት ከአውቶቡስ ተራ እየተቀበሉ የሚያመጡለት፣ የሠራውንም መልሰው የሚልኩለት አሥር አለቃ ፋንታ ነበሩ። ለመጨረሻው ፈተና ወደ ደብረ ማርቆስ ያጀቡትም እሳቸው ናቸው፤ ሲመለሱ አምበር ላይ ምሳ ጋብዘውት፣ ካቴናው ለጉርሻ አልመች ቢል ራሳቸው አጉርሰውታል።

አካለ ወልድ በ1975 ዓ.ም. መጨረሻ በአመክሮ ተፈታ፤ ሞጣም በመምህርነት ተመደበ። ደስታው ግን ከሞጣ ትምህርት ቢሮ ደጃፍ አላለፈም። ሥራ ለመጀመር ተያዥ፣ ማለት ለጥፋቱ ኃላፊ የሚሆን ዋስ፣ ያስፈልገው ነበር። የቢሮው ጸሐፊ “ተያዥህ ማነው?” ብለው ሲጠይቁት፣ ከእስር ከወጣ ገና ወር ያልሞላው ሰው ቃሉን በሚያውቀው መንገድ ሰማውና ከልቡ መለሰ፦ “ተያዡማ እኔ ነኝ፤ ያዤ አሥር አለቃ ፋንታ ናቸው።”

ቢሮው ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ። ጸሐፊው ግን የቅኔ ተማሪ ተራቀቀብኝ ብለው ተቆጡ። እስከ ሳምንቱ መጨረሻ እውነተኛ ተያዥ ካላመጣ ቦታው ለሌላ እንደሚሰጥ ነግረው አሰናበቱት። አካለ ወልድ ወደ የጁቤ ሄዶ ዘመዶቹን ለመነ። አንዱ ደመወዝ የለኝም አለ፤ ሌላው ሚስቴን ላማክር ብሎ ቀረ። ያ ሁሉ የእስር ቤት ትምህርት በአንድ ፊርማ እጦት ሊቀር ሆነ። መሄጃ ቢያጣ ተመልሶ ከወህኒ ቤቱ በር ላይ ቆመ። አሥር አለቃ ሲያዩት ደነገጡ፤ ደግሞ ምን አጠፋህ ብለው ጠየቁት። እሱም ተያዥ እንዳጣ ነገራቸው።

ተያዥ መሆን ቀላል ነገር አልነበረም። ሰውየው ቢያጠፋ ወይም ቢጠፋ ዕዳው በአሥር አለቃ ደመወዝና ቤት ላይ ነው የሚወድቀው። ወይዘሮ ማናለሽም እውነታቸውን ነው፣ “ዕድሜዎን ሙሉ ሰው ሲጠብቁ ኖረው ዛሬ ደግሞ ራስዎን ሊያስይዙ ነው?” ብለው ተቃወሙ። አሥር አለቃ ግን ከአለቆቻቸው የመንገድ ፈቃድ ጠይቀው ተመለሱ። በማግስቱ ማለዳ ወይዘሮ ማናለሽ መቆጣታቸውን ባይሸሽጉም ለሁለት ሰው የሚበቃ ስንቅ ቋጥረው ሰጧቸው።

ሁለቱ ወደ ሞጣ በአውቶቡስ ተሳፈሩ። አሥር አለቃ ሳያስቡት አካለ ወልድን በመስኮቱ በኩል አስቀምጠው እሳቸው በመውጫው በኩል ተቀመጡ። መኪናው ሲያርፍም ሽንት ቤት በር ላይ ቆመው ጠበቁት። ነጻ ሰው መሆኑ ትዝ ያላቸው ተመልሰው ሲሳፈሩ ነው፤ ሞጣ እስኪደርሱም ሲስቁ ሄዱ።

ጸሐፊው ከተመዳቢው ጋር ያላቸውን ዝምድና ጠየቋቸው። አሥር አለቃም፣ “ስጠብቀው ነበር፤ አሁንም እጠብቀዋለሁ” አሉና ፈረሙ። ቀድሞ የተቆጡት ጸሐፊ ከወንበራቸው ተነሥተው እጃቸውን ጨበጧቸው።

ከዚያ ወዲያ ከቢቸናም ከሞጣም ወህኒ ቤት ተምሮ የሚወጣ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው የእሳቸውን ቤት ሆነ። ጓዴ ለሚባል አናጺ በሞጣ የእንጨት ሥራ ማኅበር፣ ለሌሎችም በየመሥሪያ ቤቱ ተያዥ ሆኑ። ከእነዚህ መካከል አንዱ ጠፍቶባቸው ከደመወዛቸው ሲቆረጥ ከርሟል፤ እሱን እያነሡ ለሚመክሯቸው ግን፣ “የጠፋውን አንዱን ታውቁታላችሁ፤ ያልጠፉትንስ ለምን አትቆጥሩልኝም?” ይሉ ነበር። በ1979 ዓ.ም. በጡረታ ሲሰናበቱ ከመሥሪያ ቤቱ ባልደረቦች ይልቅ የቀድሞ እስረኞች በዝተው ተገኝተዋል። የጠፋውም ሰውዬ መጥቶ ነበር። አሥር አለቃም አላወቁት መስለው ሥጋ ቆርጠው አጎረሱት።

በጡረታ ዘመናቸው የልጅ ልጅ እያስጠኑ፣ በቢቸና ጊዮርጊስ ጠዋት እያስቀደሱ፣ ሞጣ እየተመላለሱ ወዳጅ እየጠየቁ በደስታ ኖሩ። ዓባይ ወዴት እንደሚፈስ ለሚጠይቃቸው ልጅ ሁሉ አሁንም ደጀን ነው ይሉት ነበር።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም በሐኪም ሲረዱ ቆይተዋል። አልጋ ላይ ከዋሉ ጀምሮ መምህር አካለ ወልድ ከሞጣ፣ ጓዴና ጓደኞቹም ከየሥራቸው እየመጡ ተረኛ ሆነው አስታመዋቸዋል። አንድ ቀን አሥር አለቃ ከአልጋቸው ሆነው መምህር አካለ ወልድ ከደጃፉ በርጩማ ላይ እንደ ተቀመጡ ቢያዩአቸው፣ “አንተ ደግሞ በር ጠባቂ ሆንክ?” አሏቸው። መምህርም፣ “ተራዬ ነው አባቴ፤ እርስዎ ይረፉ” ብለው መለሱ። አሥር አለቃ ፋንታ በተወለዱ በ58 ዓመታቸው ኅዳር 4 ቀን 1982 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ማናለሽ ታዘበው፣ ልጆቻቸው ገብረ ሕይወት፣ አገሬና ፈንታነሽ ፋንታ፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ እንዲሁም በእሳቸው ፊርማ እንጀራ የቆረሱ ልጆቻቸው ሁሉ ዛሬ በሐዘን ይሸኟቸዋል።

ማንም በማይዋስበት ጊዜ ለሰው የተዋሱ አባት ዛሬ ብቻቸውን ከፈጣሪ ደጅ ቀርበዋል። እዚያም ተያዥህ ማነው ተብለው ቢጠየቁ መድኃኔ ዓለም ራሱ “እኔ ነኝ” ይበልላቸው። አሜን።