«ደህና ነው» የሚለው ኮምፒውተሬ

ቅዳሜ፣ መጋቢት 11 ቀን 1991 ዓ.ም.፣ ወሎ ሰፈር

ምነው እጄን በቆረጠው!

አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ልሞክር ብዬ፣ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚያወራ ፕሮግራም ከጓደኛዬ በፍሎፒ ገልብጬ ሰሞኑን አማርኛ እያስተማርኩት ነበር። የጀመርኩት ከሰላምታ ነው። የማንም ስም ተጠርቶ «እንዴት ነው?» ሲባል «ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን» እንዲል አደረግኩት። እኛ አገር የታመመም ቢሆን ደህና ነኝ ነው የሚለው፤ ሌላ ምን ላስተምረው?

ዛሬ እማዬ ከሾላ ገበያ ስትመለስ እየሳቅኩ አሳየኋት። ዘንቢሏን እንኳ ሳታስቀምጥ «እስቲ ብሩክን ጠይቅልኝ» አለችኝ። ታናሽ ወንድሜ ግንባር ከሄደ ወዲህ ድምፁ ጠፍቷል። እምቢ ማለት ነበረብኝ። በእንግሊዝኛ ፊደል ጻፍኩት፤ መልሱ መጣ። እሷ ያንን ፊደል ስለማታነብ ጮክ ብዬ ያነበብኩላት እኔው ነኝ።

ስክሪኑን ሳመችው።

«እማዬ፣ እኔ ያስጠናሁትን እኮ ነው የሚደግመው!» ብላት፣ «ዝም በል! አታሟርትብኝ» ብላኝ ወጣች። ወዲያው ለጎረቤታችን ለእትዬ ዘነበች ስትነግራት በአጥሩ በኩል ሰማሁ። የእሷም ልጅ እዚያው ግንባር ነው። ነገ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ልትጠይቅ ትመጣለች።

ያቺን መልስ ልሰርዛት ተቀመጥኩ። ከመሰረዜ በፊት ግን «ብሩክ እንዴት ነው?» ብዬ ጻፍኩ። መልሱን ሳነብ፣ የራሴ ቃል መሆኑን እያወቅኩ፣ ደረቴ ቀለል አለኝ።

አልሰረዝኳትም።