ስልኬን አልከፍትም አልኩ

ሳቂታዬ፣ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሄደ፤ ልቤ ግን ሙሉ ነው። ፍተሻው ላይ ጫማሽን አውልቂ አሉኝ፣ አወለቅኩ። ቦርሳሽን አሉኝ፣ ዘረገፍኩላቸው። ይሁን፣ ለሁላችንም ደህንነት ነው። ከዚያ ፈታሿ፣ «ስልክሽን ክፈቺ፣ መልእክቶችሽን ላንብብ። የምትደብቂው ከሌለ ምን አስፈራሽ?» አለችኝ።

«ልብስ የለበስኩትስ የሰረቅኩትን ልደብቅ ነው?» አልኳትና በባዶ እግሬ ቆሜ አሻፈረኝ አልኩ። እናትሽ እንኳ የክፍልሽ በር ክፍት ሆኖ ጉሮሮዋን ሳትጠርግ አትገባም። የኔንና ያንቺን ጉድ ለባዳ ላስነብብ? ሞቼ እገኛለሁ! ሲሰለቻቸው ለቀቁኝ፤ ነገ በሌላ በረራ እሄዳለሁ።

የፖስት ካርዱ ቦታ አለቀብኝ። እናትሽን አገላብጠሽ ሳሚልኝ። ይህን ካርድ ፖስተኛውም ያንብበው፤ ካርዱን ያለ ፖስታ ክፍት የተውኩት በራሴ ፈቃድ ነው።